ከኪኒኑ በፊት ገበታው፦ ስለ እርግዝና የደም ግፊትና ስለ ጎደሉ ንጥረ ምግቦች



በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ለነፍሰ ጡር ተብለው የተደረደሩ የቫይታሚን ብልቃጦች አሉ። የሚሰጡት ተስፋ ተመሳሳይ ነው፤ ይህን የዋጠች ነፍሰ ጡር ራሷም ልጇም ጤነኛ ይሆናሉ የሚል። ዛሬ የማቀርበው ክርክር ከዚህ ተስፋ ጋር አይስማማም። “ኪኒን ሁሉ ንግድ ነው፣ እናቶቻችን ያለ እሱ ወልደውናል” ከሚለው ወገን ጋርም አይስማማም። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ንጥረ ምግብ የእርግዝናን የደም ግፊት ሊከላከል የሚችለው በጎደለበት ገበታ ላይ ነው። በተሟላ ገበታ ላይ ሲጨመር ፋይዳው እዚህ ግባ አይባልም። እስካሁን ጠንከር ያለ ማስረጃ የተገኘውም ለአንዱ፣ ለካልሲየም ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያከራክር ነገር አላጣም። ከዚህ ተነሥቼ በኢትዮጵያ ለነፍሰ ጡሮች ካልሲየምን በአነስተኛ መጠንና በጊዜ ማዳረስ ተገቢ ነው እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታውን በአጭሩ ላስታውስ። ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የሴቲቱ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ፣ ከዚህም ጋር በሽንቷ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ኩላሊቷ፣ ጉበቷ፣ ደሟ ወይም አንጎሏ መጎዳቱን የሚያሳይ ምልክት ሲታይ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ማንዘፍዘፍ ሲከተል ኤክላምፕሲያ ይሆናል። በዓለም ላይ ከ100 እርግዝናዎች ከ2 እስከ 8 የሚሆኑትን ፕሪኤክላምፕሲያ ይይዛቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ትንተና መሠረት ከእናቶች ሞት 14 በመቶ ያህሉ ከእርግዝና የደም ግፊት ሕመሞች የመጣ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2018 የወጣ ትንተናም ችግሩ ከ100 ነፍሰ ጡሮች ወደ 6 በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ አሳይቷል። የበሽታው ክፋት ቀስ ብሎ መግባቱ ነው። ራስ ምታቱ በድካም ይሳበባል፤ የእግር እብጠቱ “የእርግዝና ነው” ይባላል፤ ማንዘፍዘፉ ሲመጣ ደግሞ ልክፍት ነው ተብላ ከጤና ጣቢያ ርቃ የምትቆይ ሴት አለች። ቁርጥ ያለው መፍትሔ መገላገል ብቻ ነው። እሱም ጽንሱ ጊዜው ሳይደርስ ሲሆን ሐኪሙን ከእናትና ከልጅ ያማርጠዋል።

የበሽታው ሥር የእንግዴ ልጁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ማሕፀን የሚገቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሰፋ ብለው ለጽንሱ የሚበቃ ደም ማሳለፍ አለባቸው። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይህ በሚገባ አይከናወንም። ደም ያነሰው የእንግዴ ልጅ የእናቲቱን የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን የሚጎዱ ነገሮችን ወደ ደሟ ይለቃል፤ የደም ሥሯ ይጠብባል፤ ግፊቱ ይወጣል፤ ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈስሳል። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የሚጀመረው ግፊቱ በመሣሪያ ከመታየቱ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በፊት ነው። ይህ የጊዜ ጉዳይ ወደ ኋላ ላይ ክርክራችንን ሁሉ ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ ንጥረ ምግቦቹ እንለፍ። ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛቸውን ሴቶች ደም ከጤነኞች ጋር እያነጻጸሩ “ዚንካቸው አንሷል፣ ካልሲየማቸው አንሷል፣ ማግኒዥየማቸው አንሷል” የሚሉ ጥናቶች እጅግ ብዙ ናቸው፤ በአገራችንም በውጭም። ወጣት ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን ሥራ የሚወዱት ቶሎ ስለሚያልቅ ይመስለኛል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጥናት በራሱ ብዙ አያስረዳም። ደሙ የተወሰደው ሴቲቱ ከታመመች በኋላ ነው። በታመመች ጊዜ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ጉልህ ድርሻ፣ ከዚንኩም ብዙው ደግሞ ከዚሁ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዞር ነው። ስለዚህ ማነሱ የበሽታው ውጤት እንጂ ምክንያቱ ላይሆን ይችላል። በተለይ ካልሲየምን በተመለከተ ሌላም ወጥመድ አለ። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን በጥብቅ ይጠብቃል፤ ከምግብ ሲጎድል ከአጥንት እየወሰደ ያሟላል። ለዓመታት ካልሲየም ሲያንሳት የኖረች ሴት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ምንም ያልጎደላት ልትመስል ትችላለች። ከደም ምርመራው ይልቅ የምትበላውን መጠየቅ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የካልሲየም ነገር የተጀመረውም ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከገበታ ነው። በ1980 ሆሴ ቤሊዛንና ሆሴ ቪላር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ መላምት አሳተሙ። በጓቲማላ የሚኖሩ የማያ ሕዝቦች ድሆች ነበሩ፤ የጤና አገልግሎታቸውም ደካማ ነበር፤ ኤክላምፕሲያ ግን እንደሚጠበቀው አይበዛባቸውም። ሐኪሞቹ ምክንያቱን በቆሎው ላይ ፈለጉት። እነዚህ ሰዎች በቆሎውን ከመፍጨታቸው በፊት በኖራ ውኃ ይዘፈዝፉታል፤ ኖራው ካልሲየም ነው፤ በየቀኑ የሚበሉት ቂጣም በካልሲየም የበለጸገ ይሆናል። ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ምስክርነት አለ። ከባለቤታቸው ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ጋር በ1959 አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ገና በሲድኒ ሳሉ የኤክላምፕሲያን መከላከል ያጠኑ ነበር፤ በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈውበታል። በ1962 በዚያው መጽሔት ላይ እንደገና ሲጽፉ በኢትዮጵያ ፕሪኤክላምፕሲያ በጣም ጥቂት መሆኑ ይነሣል። በኋላ ስለ ካልሲየም የጻፉ ተመራማሪዎች ከጓቲማላው ጎን ይህን የኢትዮጵያ ምስክርነት ያስቀምጡታል፤ የኢትዮጵያውያን ምግብ ካልሲየም አለውና። ሃምሊን የሚባለውን ስም የምናውቀው በፊስቱላ ሆስፒታሉ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለ ነፍሰ ጡር ገበታ ይጨነቅ እንደነበር ግን ብዙ አይነገርም።

ይሁንና ምልከታ ማስረጃ አይደለም፤ ለአገሬ የሚያደላ ምልከታ ቢሆንም እንኳ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሆስፒታል የምትደርሰው ሴት ማን ነበረች? በገጠር ቤቷ ውስጥ አንዘፍዝፏት የሞተችው በማንም መዝገብ አልገባችም። የማያዎቹም ከሌሎች የሚለዩት በኖራ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መላምቱ በሙከራ መፈተን ነበረበት፤ ተፈተነም፤ የሙከራዎቹ ታሪክ ደግሞ ከመላምቱ ይበልጥ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና የተደረገው በአሜሪካ ነው። ውጤቱ በ1997 ወጣ። ጤነኛ የሆኑና የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ 4,589 ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በቀን 2 ግራም ካልሲየም፣ ግማሾቹ ምንም የሌለው አስመሳይ ኪኒን ዋጡ። ካልሲየም ከወሰዱት 6.9 በመቶ፣ ካልወሰዱት 7.3 በመቶ ፕሪኤክላምፕሲያ ያዛቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎች ጉዳዩ ተዘጋ አሉ። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ሙከራው ሲጀመር ጀምሮ ከምግባቸው በቀን ከ1 ግራም በላይ ካልሲየም የሚያገኙ ነበሩ። ወተቱና አይቡ ከቤታቸው አልታጣም። በሞላ እንስራ ላይ ውኃ ቢጨመር ይፈሳል እንጂ እንስራው አይሰፋም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሁለተኛውን ፈተና ያደረገው በሌላ ዓይነት ገበታ ላይ ነው። በአርጀንቲና፣ በግብፅ፣ በሕንድ፣ በፔሩ፣ በደቡብ አፍሪካና በቬትናም፣ ሰዎቹ በቀን ከ600 ሚሊግራም ያነሰ ካልሲየም በሚያገኙባቸው አካባቢዎች፣ ከ8,300 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተሳተፉ፤ መጠኑ በቀን 1.5 ግራም ነበር። በ2006 የወጣው ውጤት ግራ የሚያጋባ መልክ ነበረው። የፕሪኤክላምፕሲያው ቁጥር ብዙም አልቀነሰም፤ 4.1 በመቶ በ4.5 በመቶ ላይ ነው። ኤክላምፕሲያ ግን በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ከባድ የደም ግፊትም እንዲሁ፤ የጨቅላዎች ሞትም ቀነሰ። ይህን ሳነብ የሚታየኝ ትርጓሜ እንዲህ ነው፦ ካልሲየም በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ አያስቀርም፤ የጀመረው በሽታ ወደ ገዳዩ ደረጃ እንዳይደርስ ግን ይገታል። ይህም ከሰውነት አሠራር ጋር ይገጥማል። ካልሲየም ከምግብ ሲያንስ እጥረቱን የሚያሟላው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይጨምራል፤ ሬኒን የተባለውም ግፊትን የሚያወጣ ነገር ይነሣሣል፤ በደም ሥር ግድግዳ ጡንቻዎች ውስጥ የሚገባው ካልሲየም ይበዛና ጡንቻው ይኮማተራል። በምግብ ማነስ የመጣ እጥረት በሕዋስ ውስጥ መብዛትን ማስከተሉ ለጆሮ የተቃረነ ይመስላል፤ ሳይንቲስቶቹ የሚሉት ግን ይኸው ነው። ካልሲየም ሲሰጥ ሆርሞኑ ይረጋጋል፤ የደም ሥሩ ይለቃል። የተበላሸው የእንግዴ ልጅ ግን አይታደስም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ልሸሸው አልፈልግም። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ማኅበር በ2018 ሙከራዎቹን ሁሉ አጠቃሎ ሲመለከት በቀን 1 ግራምና ከዚያ በላይ ካልሲየም ፕሪኤክላምፕሲያን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ፣ ካልሲየም ባነሰባቸው ሕዝቦች ላይ ደግሞ ይበልጥ እንደሚቀንስ አገኘ። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ “ይህ ግማሽ የሚባለው ቅነሳ የመጣው ከትንንሾቹ ሙከራዎች ነው። ትልልቆቹ ሁለቱ አሜሪካዊውና የዓለም ጤና ድርጅቱ ትልቅ ቅነሳ አላሳዩም። ትንሽ ሙከራ ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ይታተማል፤ ባዶ ሲሆን በመሳቢያ ይቀራል።” ትክክል ነው። እኔም የግማሹን ቅነሳ ይዤ ለመሟገት አልነሣሁም። ክርክሬን የማቆመው በትልቁ ሙከራ ላይ ነው፤ እሱም የነገረን ነገር ትንሽ ነው፣ ግን ንቀን የምንተወው አይደለም። የምንፈራው ቁጥሩን ሳይሆን ሞቱን ከሆነ፣ የኤክላምፕሲያ በሲሶ መቀነስ ከፕሪኤክላምፕሲያ በግማሽ መቀነስ አያንስም። ያው የ2018 ግምገማ ሌላም ማስጠንቀቂያ አለው፤ ካልሲየም በወሰዱት ዘንድ ጉበትን የሚጎዳና የደም ሕዋሳትን የሚያፈራርስ ሄልፕ የተባለ ብርቅ የበሽታው ዓይነት በዝቶ ታይቷል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ምናልባት ካልሲየሙ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ሴቶቹ ሳይገላገሉ ስለቆዩ ሊሆን ይችላል ተብሏል። ቢሆንም ካልሲየም የወሰደች ሴት ክትትሏን ማቋረጥ እንደማይገባት ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ሌሎቹ ንጥረ ምግቦች የት ገቡ? ከነዚህ መካከል ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው የነበሩት ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ ናቸው። ሐሳቡ የሚያምር ነበር፤ በፕሪኤክላምፕሲያ የደም ሥር ሽፋን ይጎዳል፤ እነዚህ ቫይታሚኖች ደግሞ ጉዳቱን ይከላከላሉ። በእንግሊዝ በ2006 የወጣ 2,400 ገደማ ሴቶችን የያዘ ሙከራ ምንም ጥቅም አላገኘም፤ እንዲያውም ቫይታሚኖቹን የወሰዱት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናትን በብዛት ወለዱ። በ2010 በአሜሪካ 10,000 ያህል ሴቶች ላይ የተደረገውም ባዶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እነዚህን ሁለት ቫይታሚኖች ፕሪኤክላምፕሲያን ለመከላከል እንዳይሰጡ መከረ። ፎሊክ አሲድ የልጅን የአከርካሪና የአንጎል አፈጣጠር በሚገባ ይጠብቃል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን በቀን 4 ሚሊግራም፣ ማለትም ከተለመደው 10 እጥፍ፣ ለአደጋ ለተጋለጡ ሴቶች ተሰጥቶ በ2018 በወጣው ሙከራ ፕሪኤክላምፕሲያን አላስቀረም፤ ከወሰዱት 14.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 13.5 በመቶ ተያዙ። ማግኒዥየም የተለየ ታሪክ አለው። በመርፌ የሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት ፕሪኤክላምፕሲያ ላለባት ሴት የሚያንዘፈዝፋትን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያሳተፈው ማግፓይ የተባለ ሙከራ በ2002 አረጋግጧል። ይህ ግን መድኃኒት ነው፤ የምግብ ጉድለትን መሙላት አይደለም። የማግኒዥየም ኪኒን ሸጦ በማግፓይ ስም መነገድ ማታለል ነው።

ብረት ቆም ብለን የምናየው ነው። ብረት ማነስ የደም ግፊትን ያመጣል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሆኖም የእርግዝና የደም ግፊት ያለባት ሴት የእንግዴ ልጇ ቀድሞ ሊላቀቅ ይችላል፤ ደም ይፈሳታል። ደሟ ቀድሞውኑ ያነሰ ሴት ሌላዋ የምትቋቋመውን ደም መፍሰስ አትቋቋምም። ብረት ስለዚህ ግፊቱን ሳይሆን ግፊቱ የሚያደርሰውን ሞት የሚከላከል ነው። (በነገራችን ላይ ጤፋችን በብረት ይታወቃል ሲባል፣ ከዚያ ብረት ብዙው ከአውድማው አፈር የመጣ መሆኑንና ሰውነት በቀላሉ እንደማይጠቀምበት መዘንጋት የለብንም።) አሁን ብዙ አገሮች የብረትና የፎሊክ አሲዱን ኪኒን 15 ቫይታሚንና ማዕድን በያዘ አንድ ኪኒን እየተኩ ነው። ጥሩ ነው፤ ሕፃናት ዝቅተኛ ክብደት ይዘው እንዳይወለዱ ያግዛል። ግን በእነዚያ 15 ውስጥ ካልሲየም የለም፤ የሚፈለገው መጠን በአንድ ኪኒን ውስጥ አይገባማ። በጥብቅ አነጋገር ካልሲየም ከጥቃቅኖቹ ንጥረ ምግቦች የማይቆጠረውም በብዛቱ ነው። ስለዚህ “ሁሉን ያካተተ ኪኒን ሰጥተናታል” ያለ ሐኪም ዋናውን ሳይሰጥ ቀርቷል።

ወደ ኢትዮጵያ ገበታ እንመለስ። እዚህ ላይ የሚሰማው ተቃውሞ “እኛ ጤፍ እንበላለን፤ ካልሲየም ምን ጎድሎን?” የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ150 እስከ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ዳጉሳ ከዚህ እጥፍ ገደማ። በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚሆን እንጀራ የምትበላ ሴት ወደ 500 ሚሊግራም አገኘች ማለት ነው፤ ጎመንና ሽሮ ሲጨመርበት ደግሞ ይሻላል። የሊጡ መቡካትም ካልሲየምን አስሮ የሚያስቀረውን ፋይቴት ይቀንሳል፤ ይህን ጥበብ የሠሩት እናቶቻችን ፋይቴት የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ተመሳሳይ 300 ግራም የበቆሎ ዱቄት የምትበላ ሴት ከ30 ሚሊግራም በታች ነው የምታገኘው። የጓቲማላው በቆሎ ኖራ ይነካዋል፤ የእኛው አይነካውም። ጤፍ ዋጋው ሲንር የከተማው ድሃ ጤፉን በሩዝና በስንዴ ይቀላቅላል፤ ሁለቱም በካልሲየም ከጤፍ እጅግ ያንሳሉ። የብዙ አካባቢዎች መደበኛ ምግብ በቆሎ ነው። ወተት የነበረው ቤት ወተቱን ወደ ገበያ ይወስዳል፤ በጾም ወራት ደግሞ ወተትና እርጎ ከገበታ ይወጣሉ። ነፍሰ ጡርን የንስሐ አባቷ ሊያቀልላት ይችላል፤ ብዙዎች ግን በራሳቸው ፈቃድ ይጾማሉ፤ ይህን ልማድ ማንቋሸሽ ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው ሐኪሙ ገበታውን መጠየቁ ነው፦ እንጀራሽ የምን ነው? ወተት ታገኛለሽ? ትጾሚያለሽ? ጎመን ስንት ቀን ትበያለሽ? እነዚህ ጥያቄዎች ምንም ወጪ የላቸውም፤ በክትትል ካርዱ ላይ ግን ስፍራ ሲሰጣቸው አይታይም።

“ታዲያ ኪኒን ለምን? ወተት ጠጪ፣ ጎመን ብዪ በሏት” የሚለው ምክር ይከተላል። ምክሩ ያስመሰግናል፤ ነገር ግን ግማሽ ሊትር ወተት፣ ማለትም 600 ሚሊግራም ካልሲየም፣ በየቀኑ ለመግዛት የምትችል ነፍሰ ጡር ቀድሞውኑ የምንጨነቅላት ሴት አይደለችም። ገበታን መለወጥ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ረጅምም ነው። በዚህ ዓመት የምታረግዘው ሴት ያን ጊዜ አትጠብቅም።

በኪኒኑ ላይ የነበረው ትልቁ እንቅፋት መጠኑ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ካልሲየም ባነሰባቸው ሕዝቦች ዘንድ ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም እንዲሰጥ ይመክራል። ምክሩ ከወረቀት አልወረደም ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ሦስትና አራት ትልልቅ ኪኒኖች ማለት ነው፤ ያውም ካልሲየም ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያግድ ከብረቱ ኪኒን በሰዓታት ተለይተው። ለመጓጓዝ ከባድ፣ ለመግዛት ውድ፣ ለመዋጥ አስቸጋሪ። በ2024 ግን ይህን የሚለውጥ ውጤት ወጣ። በሕንድና በታንዛኒያ በእያንዳንዱ አገር 11,000 የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ ሴቶች 500 ሚሊግራም ወይም 1,500 ሚሊግራም እንዲወስዱ ተደረገ። በሕንድ በትንሹ መጠን 3.0 በመቶ፣ በትልቁ 3.6 በመቶ ፕሪኤክላምፕሲያ ያዛቸው፤ በታንዛኒያ 3.0 እና 2.7። ትንሹ መጠን ከትልቁ አያንስም ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ አለኝ፤ በዚህ ሙከራ ካልሲየም ጨርሶ ያልወሰደች ሴት የለችም። ስለዚህ 500 ሚሊግራም ከምንም ይሻላል ብሎ አያረጋግጥም፤ “ሁለቱም እኩል ባዶ ቢሆኑስ?” ብሎ የሚጠይቅ መብቱ ነው። የ2006ቱ ውጤት ከጎኑ ሲቆም ግን ሚዛኑ ወደ መስጠት ያደላል ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ኪኒን ብዙ አይጎዳም፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፣ የሚከላከለውም ሞትን ነው።

ከሁሉ ጠንካራ የምለው ተቃውሞ ከዚህ በኋላ ይመጣል። “ያለውን ኪኒን እንኳ አላዳረስንም” ይላል። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በመጨረሻው እርግዝናቸው የብረት ኪኒን የወሰዱት 42 በመቶ ሲሆኑ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለክትትል የመጡትም 20 በመቶ ነበሩ። የግፊት መለኪያው በተሰበረበት፣ የሽንት መመርመሪያው ባለቀበት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት በጠፋበት ጤና ጣቢያ ካልሲየም መጨመር ቅንጦት አይሆንም ወይ? መልሴ ሁለት ክፍል አለው። ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ፤ በየክትትሉ ግፊት ያልተለካላት ሴት ካልሲየም ብትወስድ ብዙ አልረዳናትም፤ የሚያንዘፈዝፋትን ሴት የሚያድናት መርፌው ነው። ካልሲየም በእነዚህ ፋንታ ከቀረበ እኔም እቃወማለሁ። ነገር ግን መለኪያውና መርፌው የሚሠሩት ጤና ጣቢያ ለደረሰች ሴት ነው፤ በዚያም ላይ ከታመመች በኋላ። ካልሲየሙ ቤቷ ያለችውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ብቻ የምታገኛትን ሴት ሊደርስላት ይችላል። የብረት ኪኒኑ በደንብ አለመወሰዱም ኪኒን ሁሉ ከንቱ ነው አያሰኝም። ሆድ ድርቀቱንና ማቅለሽለሹን የነገራት፣ ኪኒኑንም በየወሩ በእጇ የሰጣት ሰው ኖሯል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

በመጨረሻ የቀረው ያ የጊዜ ጉዳይ ነው። የእንግዴ ልጁ ችግር የሚጀመረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሆነ፣ በአምስተኛው ወር የሚጀመር ካልሲየም ዘግይቷል። ይህን ለመፈተን ቀደም ሲል ፕሪኤክላምፕሲያ ይዟቸው የነበሩ ሴቶች በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በአርጀንቲና ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ 500 ሚሊግራም እንዲወስዱ ተደረገ፤ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሁሉም ትልቁን መጠን ወሰዱ። በ2019 የወጣው ውጤት 23 በመቶ በ29 በመቶ ላይ ነበር፤ ቀንሷል፣ ነገር ግን በአጋጣሚም ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው። ኪኒኑን በሚገባ በወሰዱት ዘንድ ቅነሳው የጎላ ነበር፤ ያውም ቢሆን ኪኒን በሚገባ የሚወስዱ ሰዎች በሌላም ነገር ይለያሉና አልተማመንበትም። ምልክቱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከእርግዝና በፊት። ማርገዟን ገና ያላወቀች ሴት ዘንድ ደግሞ የጤና ጣቢያ ኪኒን አይደርስም። የሚደርሰው የምትበላው ዱቄት ነው። ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ በስንዴ ዱቄቷ ላይ ካልሲየም ካርቦኔት ትጨምራለች፤ ርካሽ ነው፤ የዳቦውን ጣዕም አይለውጠውም። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ምግብ እንዲበለጽጉ ግዴታ አድርጋለች፤ በዱቄቱ ዘንድ ጎልተው የሚነገሩት ፎሊክ አሲድና ብረት ናቸው። ካልሲየም ወደዚያው ዝርዝር ይግባ ወይ የሚለው ጥያቄ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ የደረጃዎች ባለሙያ፣ የወፍጮ ባለቤትና የንግድ ሚኒስቴር ያስፈልጉታል። የፋብሪካ ዱቄት የማይደርሳት፣ በመንደር ወፍጮ በቆሎ የምታስፈጭ ሴት ግን በዚህም መንገድ አትገኝም። ለእሷ የሚበጀው ኪኒኑ ነው፤ ወይም ደግሞ በበቆሎዋ ላይ የጓቲማላዎቹን የኖራ ዘዴ በእኛ ምግብ አሠራር ውስጥ መሞከር። ይህን የመጨረሻውን የግብርናና የሥነ ምግብ ተመራማሪዎቻችን በተጣራ የምግብ ኖራና በልክ ቢፈትሹት ወጪው ትንሽ ነው፤ ጣዕሙን ሰው ይቀበለው አይቀበለው ግን ቀምሰው ካልሆነ ሊያውቁት አይችሉም።